ስድስት ቁጥር

«ለእናቴም አላነብም!» አለ ሰውየው። ስልኩ ድምፅ ማጉያ ላይ ስለነበር ኮምፒውተር ክፍሉ ውስጥ የተቀመጠው ተማሪ ሁሉ ሰማው። «እናቴ ከመቃብር ተነስታ አንብብልኝ ብትለኝ አላነብም። ሌቦች! ዝጊው ስልኩን!» አለና ራሱ ዘጋው። ከኋላ ወንበር ሁለት ሦስት ልጆች ሳቁ። ዝናሽ ዞር ብላ ስታያቸው ዝም አሉ፤ ጣሪያው ላይ የተንጠለጠለው ማራገቢያ ብቻ ሲንቋቋ ይሰማ ነበር።

ፊት ለፊቷ የተቀመጠችው ልጅ ናዲፋ ትባላለች። ከመልካ ጀብዱ የመጣች፣ የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ናት። ከስክሪኑ ላይ ዓይኗን ሳታነሳ ቡናማ ሂጃቧን አገጯ ሥር ደጋግማ ታስተካክላለች። ስክሪኑ ላይ ስድስት ባዶ ሳጥኖች ተደርድረዋል። ከሳጥኖቹ በላይ፣ ወደ ተመዘገበው ስልክ የተላከውን ኮድ ያስገቡ፣ ይላል። የተመዘገበው ስልክ ደግሞ አሁን በቁጣ የተዘጋው የአጎቷ የአብሺር ስልክ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ለፈተና ስትመዘገብ የራሷ ስልክ አልነበራትም፤ የእሱን ጻፈች። ዛሬም የላትም። አባቷ ሞቶ ያሳደጋት እሱ ነው፤ የሚደውልላት ሰው ቢኖርም የሚደውለው በእሱ ስልክ ነው።

ዝናሽ የኮምፒውተር ክፍሉ ረዳት ናት። አስተማሪ አይደለችም፣ ባለሙያም አይሏትም፤ ጠዋት ማሽኖቹን የምታበራ፣ ማታ የምታጠፋ፣ በመካከል ያለውን ሁሉ ደግሞ ማንም ሳያዝዛት የምትሠራ ሰው ናት። ኮሌጁ ዘንድሮ ለአዲስ ተማሪዎቹ በሙሉ ኢሜይል አዘጋጅቷል። የኮርስ ምዝገባውም፣ የዶርም ድልድሉም በዚያ ብቻ ነው የሚያልፈው። ዛሬ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ኢሜይሉን ያልከፈተ ተማሪ እንዳልመጣ ይቆጠርና ቦታው ለተጠባባቂ ይሰጣል። ይህንን የሚገልጸው ማስታወቂያ ለተማሪዎቹ የተላከው በዚያው ባልተከፈተው ኢሜይል ነው። በሩ ላይ በወረቀት የተለጠፈው ገና ትናንት፣ ያውም ዝናሽ ጮሃ ነው። ስለዚህ ዛሬ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ሰልፉ ከክፍሉ በር እስከ ውኃ ታንከሩ ድረስ ተዘርግቷል።

ጠዋቱን ሙሉ አንድ ነገር ስትደጋግም ነው የዋለችው። አንድ ትልቅ ፊደል፣ ትንንሽ ፊደሎች፣ ቁጥር፣ ከዚያ አንድ ምልክት። ምልክት ማለት ምንድን ነው ይሏታል፤ ይቺ መሰላል የምትመስለው ትላቸዋለች። ሚክዳድ የሚባል የመጋላ ሰፈር ልጅ ፓስወርዱን በእስክሪብቶ መዳፉ ላይ ጽፎ ወጣና ከሩብ ሰዓት በኋላ እጁን ዘርግቶ ተመለሰ፤ ላቡ ጠርጎት ሰማያዊ ነገር ብቻ ቀርቷል። እንደገና ሠራችለት፤ በወረቀት ጽፋም ሸሚዙ ኪስ ውስጥ ከተተችለት። ሌላዋ ልጅ የአባቷ ስም በእንግሊዝኛ በሁለት ዓይነት ስለተጻፈ የትኛው አባቷ እንደሆነ እስኪጣራ አንድ ሰዓት ቆመች። ዝናሽ ሁሉንም በየተራ አለፈቻቸው። እንዲህ ያለው ችግር ጣት የሚደርስበት ነው፤ ቁጭ ብለሽ ትፈቺዋለሽ። የናዲፋው ግን ሌላ ነው፤ መፍቻው ሌላ ሰው እጅ ውስጥ ነው ያለው።

«ለምንድን ነው እንዲህ የተቆጣው?» አለቻት ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

«ተሰርቆ ነው» አለች ናዲፋ። «አምና። ከባንክ ነው ብሎ አንድ ሰው ደወለ፤ ስልክህ ላይ የመጣውን ስድስት ቁጥር አንብብልኝ አለው። አነበበለት። ፍየሎቹን ሸጦ ያስቀመጠው ነበር፤ ሁሉም ሄደ። ከዚያ ወዲህ ቁጥር የሚባል ለማንም አያነብም። ለእኔም።»

ዝናሽ ስልኳን ሰጥታ ናዲፋ ራሷ እንድትደውል አደረገች። ልጅቷ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ በሱማልኛ ለረጅም ጊዜ አወራች፤ ዝናሽ ከገበያ በለቃቀመችው ሱማልኛ ግማሹን ትሰማለች። እኔ ነኝ አዴር፣ እያለች ነው ልጅቷ፤ አጎቴ ማለቷ ነው። ወላሂ እኔ ነኝ፤ ትምህርት ቤት ነው ያለሁት። ሰውየው መለሰላት። ናዲፋ ስልኩን ወደ ታች አውርዳ፣ «አንቺ መሆንሽንማ በድምፅሽ አውቃለሁ፤ ግን ጭንቅላትሽ ላይ ቆሞ የሚያስወራሽ ሰው እንደሌለ በምን አውቃለሁ ይላል» አለች። ዝናሽ ስልኩን ተቀብላ በተቻላት ሁሉ ለስላሳ ሆነች። የኮሌጁን ስም ነገረችው፤ የራሷን ስም ነገረችው፤ እርስዎ ካላነበቡልን ልጅዎ ዛሬ ከትምህርቷ ትሰናከላለች አለችው።

«ያኛውም እንደ አንቺ ነው፤ እርስዎ እርስዎ እያለ ነው ያወራኝ» አለ አብሺር። አሁን አልጮኸም። «ድሬ ውስጥ እርስዎ የሚል ማነው አቦ? ቁጥሩን የፈለገ ሰው መጥቶ ፊቴ ይቀመጥ። እግሬ ነው የታመመ፣ እኔ መምጣት አልችልም። ፊቱን ካየሁ አነባለሁ።»

የተላከው ኮድ ዕድሜው አሥር ደቂቃ ነው። በዚህ ሁሉ ንግግር መካከል አንዱ አለፈበት፣ ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም። አንዴ የተሳሳተ ቁጥር የገባበት ኮድ ይሰረዛል፤ በቀን ደግሞ ከአምስት በላይ አይላክም፤ ስለዚህ ሁለት ቀርተዋል። ዝናሽ ልጅቷን ጥግ ላይ አስቀምጣ ወደ ኃላፊዋ ወደ ዘርዓብሩክ ቢሮ ሄደች። ዘርዓብሩክ ክፉ ሰው አይደለም። ሻዩን አስቀምጦ አዳመጣት፤ ፎርም አውጥቶ አሳያት። ስልክ ቁጥር ለመቀየር ተማሪዋ ትፈርማለች፣ መታወቂያ ታያይዛለች፣ ወደ ማዕከል ይላካል፤ ሦስት የሥራ ቀን። «እኔ ብሆን አሁኑኑ እከፍትላት ነበር» አለ። «ግን እኔ ሲስተሙ አይደለሁም፣ ዝናሽ። ያልከፈቱት ዝርዝር አሥራ አንድ ሰዓት ሲሞላ በራሱ ነው የሚሄደው። እኔም እንደ አንቺ ነገ ጠዋት ነው የማየው።»

ናዲፋ ከተቀመጠችበት ሳትነሳ ጠበቀቻት። የዝናሽን ፊት አየችና ገባት። ዝናሽ ሰልፉን ጥላ መሄድ አልቻለችም፤ በዚያ ላይ ከሰባት ሰዓት እስከ ስምንት መብራት ጠፍቶ ሁሉም ነገር ቆመ። ክፍሉ እንደ ምድጃ ጋለ፤ ልጆቹ ግቢው ውስጥ ካለው ኒም ዛፍ ሥር ተኮልኩለው ደብተራቸውን ማራገቢያ አደረጉ። መብራቱ ሲመለስ አሥራ ሰባት ልጆች ቀርተዋል። አንድ በአንድ ጨረሰቻቸው። የመጨረሻው ልጅ ኢሜይሉ ሲከፈትለት እንኳን ደህና መጡ የሚል ጽሑፍ አይቶ እጁን ጨብጦ ዘለለ። ሰዓቱ ዘጠኝ ከሃያ ነበር። ዝናሽ ክፍሉን ቆለፈች፣ ቦርሳዋን አነሳች፣ ናዲፋን «ነይ» አለቻት።

መንገድ ዳር ባጃጅ ደርሶ መልስ በኮንትራት ያዘች፤ ሾፌሩ አራት መቶ ብሎ በሦስት መቶ ሃምሳ ተስማማ። ከከተማው ሲወጡ ነፋሱ የአሸዋ ትኩሳት ይዞ ይገባል፤ ከባድ መኪኖች ባጃጇን እያንገጫገጩ ያልፏታል። አንዴ ናዲፋ፣ «ለእህቴ ቃል የገባሁላትን ማሊያ እንኳን አልገዛሁም፣ ዶርም ከገባሁ በኋላ ብዬ» አለች፤ ለምን እንደተናገረችው ራሷም ያወቀች አልመሰለችም። ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ «አዴር ትምህርቱ እንዲቀርብኝ የሚፈልግ አይደለም። እንዲያ እንዳይመስልሽ» አለች። «ውጤቴ የመጣ ቀን በዚያ እግሩ መቆም ሳይችል ቆሞ ሰፈሩን ሁሉ ጠራ።» ዝናሽ ራሷን ነቀነቀች። ሰውየው ክፉ ቢሆን ይሻላት ነበር፤ ክፉ ሰው ይለመናል፣ ይከሰሳል፣ ይሰደባል።

የአብሺር ቤት ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ነው፤ ሁለት ክፍል፣ የቆርቆሮ አጥር፣ በረንዳው ላይ ምንጣፍ። ሰውየው ምንጣፉ ላይ አንድ እግሩን ዘርግቶ፣ ጀርባውን ትራስ ላይ አስደግፎ ተቀምጧል። ዕድሜው ስድሳን ያለፈ፣ ጢሙን ሂና የቀባ፣ ቀጭን ሰው ነው። ለብዙ ዓመታት የጅቡቲ መንገድ ላይ ከባድ መኪና ሲነዳ ኖሮ እግሩ በስኳር በሽታ ሲጎዳ ነው የተቀመጠው። ናዲፋን ሲያይ ሊነሳ ሞከረ። ዝናሽን ሲያይ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ፤ በስልክ ሌባ ያላት እሷ እንደሆነች ሰላም ስትለው በድምጿ ነው ያወቀው። አፈረ። «ሶ ደወው፣ ግቢ፣ ግቢ» አለ፤ ወደ ጓዳ ጮኸና ሻይ በግመል ወተት አዘዘ።

«ሻዩ ይቆይ፣ አቦ» አለችው ዝናሽ። አሁን እርስዎ አላለችውም። «ጊዜ የለንም። ኮዱ ሲመጣ ታነብልናለህ፣ እኔ እዚህ አስገባለሁ፣ አለቀ።»

«እኔ ቤት የመጣ ሰው ጉሮሮው ሳይርስ ሥራ አይሠራም» አለ አብሺር። አንገቷ ላይ የተንጠለጠለውን መታወቂያ እንድታሳየው ጠየቃት፤ ሰጠችው። ፎቶውን አየ፣ ፊቷን አየ፣ ገልብጦ ጀርባውን አየ። የማን ልጅ ነሽ አላት። የዘገዬ ልጅ አለችው፣ የምድር ባቡር ወርክሾፕ ብየዳ ይሠራ የነበረው። ዘገዬን አላወቀውም፤ ወርክሾፑን ግን ያውቀዋል፤ እዚያ አንድ ጊዜ መጥረቢያ በሚያህል ብረት የመኪናው አክሰል እንዴት እንደተበየደለት ሊነግራት ጀመረ። ናዲፋ ከበሩ ጥግ ቆማ የአጎቷን አፍ ታያለች። ታላቅን ማቋረጥ ነውር ነው፤ ዝናሽም እንግዳ ናት። ሻዩ መጣ፤ ትኩስ ነው፤ እየተቃጠለች ጠጣችው። ብርጭቆውን ስታስቀምጥ ሰዓቱ አሥር ሰዓት ከሩብ ሆኗል።

የራሷን ስልክ አውጥታ የኮሌጁን ገጽ ከፈተች። የናዲፋን መለያ አስገባች፤ ኮድ ላክ የሚለውን ነካች። አራተኛው ነው። አብሺር ቁልፍ ያላት ትንሿን ስልኩን መዳፉ ላይ አስቀምጦ እንደ ጫጩት ያያት ጀመር። አንድ ደቂቃ ሆነ። ሦስት ደቂቃ ሆነ። አልመጣም። «እዚህ ቤት ውስጥ ኔትወርክ ይጠፋል» አለ፤ «ሜሴጅ የሚመጣው መንገዱ ዳር፣ መስጊዱ አጥር ጋ ነው።» ከዚህ በፊት ለምን አልተናገርክም የሚለው ነገር አፏ ድረስ መጥቶ ዋጠችው። ናዲፋ ከዘራውን አቀበለችው፤ በአንድ በኩል እሷ፣ በአንድ በኩል ዝናሽ ደግፈውት ወጡ። ሁለት መቶ እርምጃ የማይሞላው መንገድ ሩብ ሰዓት ፈጀ። አንድ ቦታ ላይ ቆሞ ተነፈሰ፤ ላቡ በጢሙ ወረደ፤ ሰዎች ሰላም ሲሉት እየቆመ፣ «ኮሌጅ ልናስገባት ነው» ይላቸው ነበር።

አጥሩ ጋ ሲደርሱ የአራተኛው ኮድ አሥር ደቂቃ አልፏል። ዝናሽ አምስተኛውን ላከች። የመጨረሻው ነው። ለሁለቱም አልነገረቻቸውም።

ወዲያው የአብሺር ስልክ ጮኸች። «መጣ!» አለ፤ ስልኩን ከዓይኑ አራቀው፣ መነጽሩን ቤት ረስቷል፣ መልሶ አቀረበው። ከዚያ ሰፈሩ ሁሉ እንዲሰማ የፈለገ ይመስል አነበበው፤ አምና ለሌባው የሰጠውን ድምፅ ዛሬ ለእሷ እየሰጣት ነው። «ሰባት። አራት። አራት። አንድ። ዘጠኝ። ስድስት።» ዝናሽ አስገባች። ስክሪኑ ለአፍታ ነጣ፤ ከዚያ ቀይ ጽሑፍ ወጣ። ኮዱ ትክክል አይደለም። የዛሬ ሙከራዎን ጨርሰዋል። ከሃያ አራት ሰዓት በኋላ ይሞክሩ።

የአብሺርን ስልክ ተቀብላ ሜሴጁን አየችው። እሱ በትክክል ነው ያነበበው። የመጣው ግን ቤት ሆነው የላኩት አራተኛው ነበር፤ ኔትወርኩ ጋ ሲደርሱ ዘግይቶ ገባ። አምስተኛው ገና መንገድ ላይ ነው። ናዲፋ በትከሻዋ በኩል ቀዩን ጽሑፍ አነበበችው። ዝናሽ ጥቂት እርምጃ ራቅ ብላ ዘርዓብሩክ ጋ ደወለች፤ አሥር ሰዓት ከአርባ አምስት ነው። አጎትየው አጠገቤ ነው፣ ልጅቷ አጠገቤ ናት፣ ስልኩ እጄ ላይ ነው፣ ሁላችንም እዚህ ነን አለችው። «ማዕከል ደውዬ ነበር» አለ ዘርዓብሩክ። «አንቺ ከወጣሽ በኋላ ሦስቴ ደወልኩ። የሚያነሳ የለም። ደብዳቤ ጽፋ ነገ ትምጣ፤ እኔ እፈርምበታለሁ። ግን ቃል አልገባም፣ ዝናሽ። ተጠባባቂዎቹ ዛሬ ማታ ነው የሚጠሩት።»

ተመልሳ ስትመጣ አብሺር አጥሩን ተደግፎ ቆሟል። ዓይኑ ከአንዷ ወደ ሌላዋ ይሄዳል። «ምነው?» አለ። «አጠፋሁ እንዴ? አራት ሁለቴ ነው፤ ሰባት፣ አራት፣ አራት።» ድምፁ ውስጥ ጠዋት ያልነበረ ፍርሃት ነበር። ዝናሽ የምትለውን ስትፈልግ ናዲፋ ቀደመቻት።

«ገባ፣ አዴር» አለችው። «ተከፈተ። በደንብ ነው ያነበብከው።»

ሰውየው ዓይኑን ጨፍኖ ፈጣሪውን አመሰገነ። ከዚያ ከዘራውን አጥሩ ላይ አስደግፎ የዝናሽን እጅ በሁለት እጁ ያዘ፤ አልለቀቃትም። በስልክ ያላትን ይቅር እንድትለው ለመናት። «ወላሂ አላወቅሁም» አላት። «አባቷ በሞተ ቀን አንድ ነገር ብቻ ነው ያለኝ፤ ልጄ እንዳትማር የሚያደርግ አንተ እንዳትሆን አለኝ።» ዝናሽ እጇ እጁ ውስጥ እንዳለ ናዲፋን አየቻት። ልጅቷም አየቻት። እንዳትናገሪ የሚል ነገር ፊቷ ላይ በግልጽ ተጽፎ ነበር፤ ከዚያ በላይ ምንም አልነበረባትም፤ እንባም እንኳን። ዝናሽ አልተናገረችም።

ባጃጁ ድረስ የሸኘቻት ናዲፋ ናት። አብሺር ከሩቅ ሆኖ ለሾፌሩ፣ «ቀስ ብለህ ንዳ፣ ይቺ ልጃችንን ኮሌጅ ያስገባች ናት!» ብሎ ጮኸ። ናዲፋ የባጃጁን ብረት ይዛ ቆመች። «ነገ ደብዳቤውን ይዤ እመጣለሁ» አለች።

«በጠዋት ነይ። ከበሩ ጀምሮ አብሬሽ ነኝ።»

«ይሆናል?»

ዝናሽ ይሆናል ልትል አፏን ከፈተች። አልወጣላትም። «ነይ ብቻ» አለች። ልጅቷ ራሷን ነቀነቀችና ብረቱን ለቀቀች።

ባጃጁ ከከባድ መኪኖች ማቆሚያው አልፎ ዋናውን መንገድ ሲይዝ አሥራ አንድ ሰዓት አልፏል። ዝናሽ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ አቧራውን እያየች ነበር። ስልኳ ጠራ። ስሙን ባትመዘግበውም ቁጥሩን አወቀችው፤ ዛሬ ስንቴ አይታዋለች። ቆየት ብላ አነሳችው።

«እህቴ፣ አብሺር ነኝ» አለ። ከመስጊዱ አጥር እንዳልተንቀሳቀሰ ከበስተጀርባው ያለው ድምፅ ይነግራል። «ናዲፋ ወደ ቤት ገብታለች፣ እኔ እዚሁ አረፍ እንዳልኩ ነው። አሁን ሌላ ቁጥር መጣ። ይኸው፣ ስድስት ነው። ለማንም አልሰጠሁም፣ ለአንቺ ብዬ ነው የደወልኩ። ላንብብልሽ?»

ሾፌሩ የሞተሩን ድምፅ ቀነስ አደረገላት። ዝናሽ በግራ እጇ ዓይኖቿን ሸፈነች።

«አንብብልኝ» አለችው።

«ሁለት» አለ አብሺር፤ ቀስ ብሎ፣ ጥንቅቅ አድርጎ። «ዜሮ። ስምንት። ስምንት። ሦስት። አምስት።» ጠበቃት። «ያዝሽው?»

«ያዝኩት።»

«እንዳትሳሳቺ ልድገምልሽ» አለና እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ።